አሥራ አንድ እሺ

እህቴ ልብስ ተኳሽ ናት። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ «ተኳሽ ናት» ብዬ ዝም እላለሁ። ጠያቂው ወታደር ወይ ዘብ መስሎት ዓይኑን ያፈጥጣል፤ ከዚያ እሷን ሲያያት ግራ ይገባዋል። ቀጭን፣ ጎንበስ ያለች፣ ቀኝ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ የተደረደረባት፣ ድምጿ ትንሽ ከፍ ሲል ራሷ የምትደነግጥ ሴት ናት። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ቆማለች። አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የሐኪም ጋውን። በእንፋሎት የሚሠራውን ትልቁን መተኮሻ በእግሯ ትረግጣለች፣ በእጇ ትጫናለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች፤ ስትወጣ ፊቷ የተቀቀለ ይመስላል።

እኔ እዚያው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነኝ። እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ የበሽታው ዓይነት። ወረቀት ላይ ያልገባ ሰው እንዳልመጣ የሚቆጠርበት ቦታ ነው የምሠራው፤ ይህን አውቃለሁ። ይህን በማወቄ ነው ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ።

እትዬ ነው የምላት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። የሥራ ባልደረቦቿ ግን «እሺ» ይሏታል። «እሺን ጥሯት»፣ «እሺ ዛሬ ቀረች» ሲሉ ለሰሚው ስሟ ነው የሚመስለው። ሰው ሲያወራት ከአፏ ስለማይጠፋ ነው። እሺ... እሺ... እሺ። መስማማቷ አይደለም፤ እየሰማሁህ ነው ቀጥል ማለቷ ነው። ሁላችንም እንላለን፣ እሷ ግን አበዛችው። ባሏንም ያገባችው በዚሁ ጣጣ ነው። ሰውየው በልብስ ማጠቢያው በር ላይ አቁሟት የልቡን ሲነግራት ሃያ ጊዜ ያህል እሺ ብላው ኖሮ፣ በሳምንቱ ቤት ተከራይቶ አልጋ ገዝቶ ቁልፉን ይዞላት መጣ። «እኔ እኮ እሺ ከዚያስ ለማለት ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። ልቡ እንዳይሰበር አገባችው። ደግነቱ ጥሩ ሰው ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። የሚሠራው ከቤታቸው አጥር ባሻገር በነበረው የኮምፔንሳቶ ፋብሪካ ነበር። ሳንባው ሰጋቱራና ሙጫ ጠጥቶ ጠጥቶ በመጨረሻ ሲያስል የሚወጣው ነገር ቡናማና ዝልግልግ ሆነ። እትዬ ያንን በጨርቅ ስትቀበል ኖራ ቀበረችው።

ከእሱ የቀረቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅ ስላችሁ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ቤት ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሴት ልብስ ትሰፋለች። ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ በአፍ የሚነፋው መድኃኒቷ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው። አስም አለባት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አየር ሲከብድ ደረቷ ያፏጫል። እኔ አልወለድኩም፤ ያለችኝ ልጅ እሷ ናት። እህቴም ያለቻት እሷ ናት። እንግዲህ በዚህች በአንዲት ደረት ላይ ነው የመጡብን።

ፋብሪካው ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ ግቢው ለሌላ ተላለፈና አጥሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል። «የባዮማስ ኃይል ማመንጫ፤ ከተረፈ ምርት ንጹሕ ብርሃን» ይላል። ሰጋቱራና የእህል አገዳ እያነደደ መብራት ሊሰጠን ነው። ክፉ አይመስልም። የእትዬ ቤት ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቤት ነው፤ የወጥ ቤት መስኮቷን ስትከፍት ሰሌዳው ፊቷ ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ባለ ታብሌቱ ነው። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ፣ ጸጉሩ በቅባት የተለጠፈ ልጅ እግር ሰው። እኔ አልነበርኩም፤ የእህቴ ልጅ ናት የነገረችኝ። ገብቶ ለስፌት የተቆረጠ ጨርቅ ያለበት ወንበር ላይ ጨርቁን ሳያነሳ ተቀመጠበት። ሻይ ሲሰጡት ጠጣ፣ ሁለተኛ ጠየቀ። ጣቱን እየላሰ መስታወቱን ይገልጣል። ይባስ ብሎ ከመርፌ መሰኪያዋ ላይ ስፒል ነቅሎ ጥርሱን ጎረጎረበትና መልሶ ሰካው! ያንን ስፒል አሁን እንኳን ሳስበው ይቀፈኛል። ጥያቄ ብሎ የጠየቀው ነገር የለም። እሱ ያወራል፦ ፋብሪካው ይሠራል፣ ጭሱ ይጣራል፣ አካባቢው ያድጋል፣ እናንተም ትጠቀማላችሁ። እትዬ ትሰማለች። እሺ። እሺ። እሺ። ሲወጣ «በጣም አመሰግናለሁ እናቴ፣ እንደርስዎ ያለ ቀና ሰው አላየሁም» አላት። ደስ ብሏት ዋለች፣ ምስኪን።

ከሁለት ወር በኋላ «ለሙከራ» ብለው ለሦስት ቀን አነደዱ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ያየሁትን ነገር ሰጋቱራ ነው የሚል ካለ ይምጣ። ቀለም የተቀባ አሮጌ በር። የተሰባበረ የቺፕውድ ቁም ሣጥን፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳን ያልተላጠ። እግር የሌለው አልጋ። ይህን ሁሉ በትልቅ መፍጫ እያደቀቁ ወደ እሳቱ ይጨምሩታል። ሽታው ይጣፍጣል፤ የሚያስጠላውም እሱ ነው። የተቃጠለ ሙጫ ጣፋጭ ሆኖ ይገባና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ምራቄን ስውጥ አብሮ ወረደ። ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ላይ ጥላሸት አርፎ ነበር፤ በጣቴ ስነካው እንደ ቅባት ተዘረጋ።

ቤት ስደርስ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ነበረች። ግማሹ የተሰፋ እጅጌ በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ። መድኃኒቷን ሦስት ጊዜ ነፍታ አልሠራም። «አክስ...» አለችኝ፤ «ቴ» የሚለውን የምታወጣበት አየር አልነበራትም። በመኪና ሆስፒታል እስክናደርሳት የሄድንበትን መንገድ አላስታውስም። ካርዷን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የበሽታው ዓይነት። ዕድሜዋን ተሳሳትኩ። አራት ቀን በኦክስጅን ተኛች፤ የተኛችበትን አንሶላ የተኮሰችው እናቷ ናት።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተነሳ። እሷ ብቻ አይደለችም የታመመችው፤ ስንት ሽማግሌ ሲያስል ከረመ፣ የስንቱ ሕፃን ዓይን አበጠ። ጡረታ የወጣ መምህር አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ መምህሩ ነው የሚለው። እሱ በየቤቱ እየዞረ ተቃውሞ አስፈረመ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው ፈረመ። የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባሉበት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።

የኩባንያውን ተወካይ ሳቂታው ብለን ነበር የምንጠራው። ሰው ስለ ልጁ ሳል ሲናገር ይስቃል፤ ሴትዮ ስታለቅስ ይስቃል። ጥርሱ ሁሉ ይታያል። ተነስቶ «ከጭስ ማውጫው የሚወጣው በአብዛኛው እንፋሎት ነው» አለ።

እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እንፋሎትማ እኔ አውቃለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ሃያ ስድስት ዓመት ጠጥቼዋለሁ። እንፋሎት አንሶላ ያጠቁራል እንዴ?»

«ተነሽና ንገሪው።»

«እሺ» አለችና ቁጭ አለች። ያ እሺ ደግሞ እምቢ ማለት ነበር። አያችሁ?

መምህሩ ተነሳ። «ለመሆኑ ይህ ነገር ሲታቀድ ከመካከላችን ማን ተጠየቀ? ማን ተስማማ?»

ሳቂታው ይህን ሲጠብቅ ነበር የዋለው። ዶሴውን ገለጠ። «ለፋብሪካው በጣም ቅርብ የሆነው ቤት ነዋሪ ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል። በድምጽ ተቀድቷል» አለና ስልኩን ማይክ ላይ ደገነው።

የባለ ታብሌቱ ድምጽ መጣ። «ፋብሪካው እዚህ ይሠራል።» ከዚያ የእህቴ ድምጽ፣ ለስለስ ያለ፣ የሻይ ብርጭቆ ድምጽ ከኋላው። «እሺ።» «ጭሱ ይጣራል።» «እሺ።» «ችግር አያመጣም።» «እሺ።» ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች መቁጠር ጀመሩ። ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው ላይ ሳቅ ሆነ። አሥራ አንደኛው ላይ ማንም አልሳቀም፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እህቴን ያያት ነበር። አንዷ ጎረቤት፣ ለልጇ ልብስ በነጻ የተሰፋላት፣ «ምን ቢያቀምሷት ነው?» ስትል ሰማኋት። ሰው እንዴት ያስጠላል!

እትዬ ተነሳች። አንገቷ ሲቀላ አየሁት። «እሺ ማለቴ እኮ... እየሰማሁ ነው ማለቴ ነው» አለች።

ሳቂታው ሳቀ። «እናቴ፣ እሺ ማለት እሺ ነው።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እሱም እንደኛው በዚሁ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። «አንተ!» አልኩት ከመቀመጫዬ፣ «እናትህ ስትመክርህ ስንት ጊዜ እሺ ብለሃታል? እስቲ የቱን ፈጸምክ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የፈቃድ ኃላፊው እንኳን በመሐረብ አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቂታው ግን ያን ጊዜ ብቻ አልሳቀም። ኃላፊው በመጨረሻ ጥናቱ በገለልተኛ ቡድን እንደገና እንዲሠራ አዘዙ። ጮቤ ረገጥን። እትዬን ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አንድም አልነበረም።

ደስታችን አንድ ሳምንት አልቆየም። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንደዱ ይቀጥላል ተባለ። «ጭስ በሌለበት ጭስ እንዴት ይለካል?» አሉን። እትዬ በዚያው ቀን የልጇን ልብስ በሻንጣ ከታ እኔ ቤት አመጣቻት። የእኔ ቤት ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። ከእህቴ ልጅ ጋር አብረን እንተኛ ጀመር። የስፌት መኪናዋ እዚያው ቀረ፣ ደንበኞቿም እዚያው ቀሩ። ደረቷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ማፏጨቱን ተወ። እትዬ ጥላሸት እንዳይገባበት የስፌት መኪናዋን በነጭ አንሶላ ሸፈነችውና ብቻዋን ተቀመጠች።

መምህሩ መጣ። የአዲሱን ጥናት መጠይቅ ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ አንብቦታል። «የሚቆጠረው በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ብቻ ነው» አለ። «በመጀመሪያው ቤት አንድ የአስም በሽተኛ ከተመዘገበ ፈቃድ መስጠት ይከብዳቸዋል። ልጅቷን ለሁለት ቀን መልሺያት። መጥተው ይዩዋት።»

«አይሆንም» አለች እትዬ።

«ለሰፈሩ ነው እኮ።»

«አንድ ሰዓትም አይሆንም። ደረቷን ለጥናት አላውስም።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። እህቴ ለሰው እንዲህ ስትመልስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መምህሩ ቆቡን አድርጎ ወጣ፤ ቅር ብሎታል።

ገለልተኛው ቡድን የመጣው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የዓመት እረፍቴ ስለነበር እትዬ ጋ ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ሲከፈት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ባለ ታብሌቱ! አይቼው ባላውቅም የእህቴ ልጅ እንደነገረችኝ ነው፤ አረንጓዴው ሰደርያ ብቻ በብርቱካናማ ተቀይሯል፤ ጸጉሩ፣ ታብሌቱ፣ የላሰው ጣቱ ያው ነው። እትዬን ያወቃት አልመሰለም፣ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። «ከገለልተኛው ጥናት ቡድን ነው የመጣሁት» አለ ሳይሽኮረመም። 

እትዬ በዚህኛው ጊዜ ከንፈሯን ነክሳ ነው የምትሰማው። እሺ ልትል አፏ ይከፈትና መልሳ ትገጥመዋለች። አዎ። አይደለም። አላውቅም። ስንት ክፍል ነው፣ ውሃው ከየት ነው፣ ስንት ሰው ይኖራል። ከዚያ «በቤቱ ውስጥ የመተንፈሻ ችግር ያለበት ሰው አለ?» አለ።

 የእህቴ ዓይን ወደ ስፌት መኪናው ሄደ። አለ እንዳትል ውሸት ነው፤ የለም እንዳትል አንጀቷ አልቻለም።

«ነበረች» አለች።

«ማን?»

«ልጄ።» ድምጿ ተሰበረ።

ባለ ታብሌቱ በነጭ አንሶላ የተሸፈነውን መኪና አየ። የእህቴን ዓይን አየ። ታብሌቱን ዝቅ አደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለ። «ነፍስ ይማር» አለ።

«አሜን» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሳላስበው አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አስቤው ነው። በቅጽበተ ዓይን አስቤዋለሁ። የሃያ ዓመት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ «ሳል» የሚል ወረቀት የትም እንደሚወድቅ፣ «ሞት» የሚል ወረቀት ግን ማንም ኃላፊ ሊያልፈው እንደማይችል አውቃለሁ። አንድ ሬሳ በመጀመሪያው ቤት! ሰውየው ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፈና መጻፍ ጀመረ። እግሬን ዘርግቼ የእትዬን እግር ጫንኩት፤ ዝም በይ ማለቴ ነው።

«ምን አልክ?» አለች እትዬ። ጮኸች። «ምን አልክ አንተ? ልጄ አልሞተችም!»

«እናቴ፣ ነበረች ሲሉ እኮ...»

«እዚህ ነበረች ማለቴ ነው! በሕይወት አለች። አጥፋው። እያየሁህ አጥፋው።»

አጠፋው። ጣቱን ላሰና ወደ ኋላ መለሰው። «እንግዲያው አሁን እዚህ ቤት ትኖራለች?»

«አትኖርም። በእናንተ ጭስ ነው የወጣችው። እሱን ጻፍ።»

«እሱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ እናቴ። ያለው አለ ወይም የለም ነው» አለና አንዱን ነካ። የቱን እንደነካ መጠየቅ አላስፈለገንም። ሊወጣ ሲል ውሃ ጠማኝ አለ። እህቴ ቀድታ ሰጠችው፤ በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ፈቃዱ ወጣ። የአዳራሹ በር ላይ ለጥፈውታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ለፋብሪካው በጣም ቅርብ በሆነው መኖሪያ ቤት የመተንፈሻ ችግር ያለበት ሰው አልተገኘም» ይላል። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። ያን ሐሙስ የሆነውን ለእሱ ነግሬው ነበር። መነጽሩን አወለቀና «እህትሽ ለአንዲት ቃል ያህል ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለኝ።

እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ደሜ እንደፈላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። እትዬ ትልቁ መተኮሻ ላይ ናት። አጠገቧ ቆሜ ያላልኳት ነገር የለም። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሰው አስበላሽ አልኳት። የሰፈሩ ሕፃናት ያን ሙጫ ሲጠጡ ይኖራሉ አልኳት። ልጅሽ ከእንግዲህ ወደ ቤቷ አትመለስም፣ ያንን የዘጋሽው አንቺ ነሽ፣ እውነተኛ ለመባል ብለሽ አልኳት። ሌሎቹ ተኳሾች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። እሷ ትረግጣለች፣ ትጫናለች፣ ታጥፋለች። እሺ እንኳን አላለችም። ጨርሼ ትንፋሽ ሲያጥረኝ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። እንፋሎቱ ቆመ።

«አሜን ብለሻል» አለችኝ።

የሰማችኝ አይመስለኝም ነበር። «ለወረቀቱ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኩ። «ለወረቀቱ ብዬ ነው።»

ያጠፈችውን አንሶላ በሁለት እጇ ይዛ አየችኝ።

«ያን ቀን ጠዋት» አለች፣ «ከጎኗ ተነስተሽ ነው የመጣሽው።»